ክሪስቶፈር ስትራቼይና ያልተነገረው ለውጥ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በአብደራፊ፣ ሰሊጥ በሚሰበሰብበት ወራት አንድ የመጋዘን ጸሐፊ ሒሳቡን በኮምፒዩተር ይይዛል እንበል። ለአንድ ገበሬ ሰባት ኩንታል ተኩል ይመዘገብለታል። ፕሮግራሙ ግን ሲ በተባለው ቋንቋ የተጻፈ፣ የመዝገቡም ስፍራ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ማንንም ሳይጠይቅ 7.5ን ወደ 7 ይለውጠዋል። ሃምሳ ኪሎ ሰሊጥ ጠፋ፤ ሌባ ግን የለም። አንዱን የቁጥር ዓይነት ወደ ሌላው በዝምታ የሚለውጠውን ይህን አሠራር አስቀድመው ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ስትራቼይ ነው።

ስትራቼይ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 ለንደን ውስጥ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖችም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አባቱ የምስጢር ጽሑፍ ፈቺ፣ እናቱም ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለች ደራሲ ነበሩ። በካምብሪጅ ሲማር ጤናው ስለ ታወከ ውጤቱ ከፍ ያለ አልሆነም። ከጦርነቱ በኋላ የትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በ1949 ደግሞ በታወቀው በሐሮው ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ።

በ1951 ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት ሲቃረብ፣ ከማስተማር በሚተርፈው ጊዜ ዳማ የሚጫወት ፕሮግራም ይጽፍ ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት የማንችስተር ኮምፒዩተር በዚሁ ፕሮግራም ዳማ ተጫወተ። መምህሩም ጠመኔውን ትቶ ወደ ኮምፒዩተር ሥራ ገባ። ከዚያ በኋላ ከካምብሪጅና ከለንደን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሲፒኤል የተባለውን ቋንቋ ነደፈ፤ በኦክስፎርድም የፕሮግራም ምርምር ቡድን የመጀመሪያ መሪ ሆነ።

በ1967 በኮፐንሃገን የሰጠው ትምህርት እጅግ የታወቀ ነው። አሳቡን በአገራችን ምሳሌ እንግለጠው። ጆንያ ቆጣሪ በውስጡ ሰሊጥ ይኑር ጥጥ ሳይጠይቅ ይቆጥራል፤ አንድ ሕግ ለሁሉም ይበቃዋል። ዋጋ ተማኝ ግን የያንዳንዱን ዓይነት ማወቅ አለበት። የመደመር ምልክትም እንደ ተማኙ ነው፤ ምልክቱ አንድ ሆኖ ሳለ ሙሉ ቁጥርና ክፍልፋይ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚደመሩት በተለያየ መንገድ ነው። ስትራቼይ እነዚህን ሁለት ወገኖች ለይቶ ስም ሰጣቸው። ዓይነትን በዝምታ የመለወጥ ነገር የሚገኘው በሁለተኛው ወገን ብቻ እንደሚመስልም አስተዋለ። በዚያ ወገን ሁሉን የሚገዛ አንድ ሕግ ስለሌለ፣ የቋንቋው ነዳፊ እያንዳንዱን ለውጥ ለይቶ መደንገግ ይገባዋል።

የሚያስገርመው ግን የሲ ቋንቋ የዘር ሐረግ ከሲፒኤል መምጣቱ ነው። ከሲፒኤል ቢሲፒኤል፣ ከዚያም ቢ፣ በመጨረሻም በ1972 ገደማ ሲ ተወለደ። ነዳፊው ለጠራ ሕግ ሲደክም፣ የልጅ ልጁ ቋንቋ ግማሹን ኩንታል በዝምታ የሚጥል ሆነ። ጃቫስክሪፕትማ በጽሑፍ መልክ የገባ 7 ላይ 5 ሲደመርበት፣ 12 በማለት ፈንታ 75 ይላል። ረስት የተባለው አዲስ ቋንቋ ግን ጸሐፊው በግልጥ ካላዘዘው በቀር የቁጥርን ዓይነት አይለውጥም።

ስትራቼይ በ1971 ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1975 በጉበት በሽታ በ58 ዓመቱ አረፈ። የኮፐንሃገን ትምህርቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በመጽሔት የታተመው በ2000 ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ በኮምፒዩተር የተደመረ ሒሳብ የሚፈርም ወጣት ሁሉ የዚህን መምህር ጥያቄ ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ይህ ቁጥር እዚህ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ተለወጠ፤ የለወጠውስ በማን ትእዛዝ ነው?