ለአካል እስትንፋስ የፈለገ ሐኪም
(የአሌክሲስ ካሬል የሕይወት ታሪክ)

ከመካነ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ስሜን ተራሮች ሽቅብ የወጣ ሰው የእስትንፋስን ዋጋ ያውቃል። ቦታው ከፍ ባለ ቍጥር አየሩ ይሳሳል፤ ልብ ይመታል፤ ጉልበት ይዝላል። ከሰው ገላ የወጣ ጉበትም እንዲሁ ኦክሲጅን ያጥረዋል፤ ነገር ግን እንደ መንገደኛ ዐረፍ ብሎ ሊተነፍስ አይችልም። ይህን ችግር ለማቃለል ከደከሙት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ፈረንሳዊው ሐኪም አሌክሲስ ካሬል ነው።

ካሬል እ.ኤ.አ. በ1873 በሊዮን ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት ያሳደገችው እናቱ ናት። በሊዮን ሕክምና ሲማር፣ በ1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ በዚያው ከተማ በጩቤ ተወጉ። ጩቤው ጉበታቸውን በስቶ ወደ ጉበት ደም የሚወስደውን ትልቅ ሥር ቈረጠው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን የደም ሥር መስፋት የሚችል ሐኪም ስላልነበረ ሞቱ። ካሬልም በነገሩ እጅግ ተቈጨ። ወደ አንዲት የጥልፍ ባለሙያ ሄዶ በቀጭን መርፌና በሐር ክር መስፋትን ተማረ፤ በ1902 የተቈረጠ የደም ሥር አፍ ለአፍ ተገጥሞ የሚሰፋበትን ዘዴ አሳተመ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሥራውን በመቀጠሉ በ1912 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሆኖም መስፋት ብቻውን አልበቃም። አካሉ እስኪተከል ድረስ በምን ይኑር? በ1930 ዝነኛው አውሮፕላን አብራሪ ቻርልስ ሊንድበርግ ከካሬል ጋር መሥራት ጀመረ። በ1935 ከብርጭቆ የተሠራ መሣሪያቸውን ለዓለም አሳወቁ። መሣሪያው ኦክሲጅን ያገኘ ፈሳሽ እንደ ልብ እየገፋ በአካሉ የደም ሥሮች ውስጥ ያሳልፍ ነበር። በዚህም የአንዲት ድመት የአንገት ዕጢ ከገላዋ ውጭ 18 ቀን በሕይወት ቈየች።

ዛሬ ይኸው ሐሳብ ለጉበት ደርሷል። በበረዶ ብቻ የተቀመጠ ጉበት የኦክሲጅን ፍላጎቱ ይቀንሳል እንጂ አይቀርም፤ የኃይል ስንቁም በየሰዓቱ ያልቃል። በዚህ ላይ ደም ድንገት ሲመለስለት ይጎዳል። ስለዚህ ሐኪሞች በማሽን እየረዱ በ10 ዲግሪ ገደማ ኦክሲጅን የጠገበ ፈሳሽ፣ ወይም በ37 ዲግሪ ደም ያዘዋውሩለታል። በ2021 በስዊዘርላንድ ከተማ በዙሪክ፣ 3 ቀን በማሽን የቈየ ጉበት ለሰው ተተከለ። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል።

የካሬልን ነውር መሸሸግ ግን አይገባም። ለአካል እስትንፋስ የፈለገው ይህ ሰው በ1935 ባወጣው መጽሐፍ፣ ከባድ ወንጀል የሠሩ ሰዎች፣ የአእምሮ ሕመምተኞችም ጭምር፣ በጋዝ እንዲገደሉ ሐሳብ አቀረበ። በ1944 በፓሪስ ሞተ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከካሬል እጅ ትጋትን እንማር፤ ከስሕተቱም እንጠንቀቅ። ለሰው የማይራራ ዕውቀት፣ አየር እንዳጣ ጉበት ነው።