የአእምሮ መደናገርና የእኔነት ምንጭ፦ የመነኩሴው ሹዋንዛንግ ሕይወትና ትምህርት

በቻይና የቡድሂዝም ታሪክ ውስጥ ሹዋንዛንግ (602 ገደማ–664) በአብዛኛው የሚታወቀው በመንገደኛነቱና በተርጓሚነቱ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን ለጉዞው ምክንያት የሆነውን ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄው የሰው አእምሮ በመሠረቱ ንጹሕ ሆኖ ኋላ የደፈረሰ ነው ወይስ መደናገሩ ከራሱ ከአእምሮው አሠራር ይመነጫል የሚል ነበር። ሹዋንዛንግ ሁለተኛውን መልስ የያዘው የሚያጽናና ሆኖ ስላገኘው ሳይሆን ከምንጩ የተማረው ይህንኑ በመሆኑ ነው፤ ለዚህም ታማኝነቱ ትምህርቱ በገዛ አገሩ ዋጋ ከፍሏል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የጥያቄው መነሻ

ሹዋንዛንግ በዛሬዋ ሔናን፣ በሉዎያንግ አቅራቢያ ተወለደ፤ መነኩሴ የነበረውን ወንድሙን ተከትሎም ገና በልጅነቱ ገዳም ገባ። በ618 የስዊ ሥርወ መንግሥት ሲወድቅ አገሩ በጦርነትና በረሃብ ስለታወከ ወንድማማቾቹ ወደ ሲቹዋን ተሰደዱ። በ622 በቼንግዱ ከተማ ሙሉ ምንኩስናን ተቀበለ። ከዚያም ከመምህር ወደ መምህር እየተዘዋወረ ቢማርም መምህራኑ እርስ በርሳቸው አልተስማሙለትም። አንዱ ወገን የአእምሮ ጥልቅ መሠረት የእውነት ማደሪያ ነው ሲል፣ ሌላው የስሕተት ሥር ነው ይል ነበር። በስድስተኛው ምእት ዓመት ከሕንድ የመጣውን ተርጓሚ ፓራማርታን የሚከተሉት ደግሞ ከስምንቱ የንቃት ዓይነቶች በላይ እድፍ የሌለበት ዘጠነኛ ንቃት አለ ብለው ያስተምሩ ነበር። ሹዋንዛንግ የልዩነቱ ምክንያት የትርጉሞቹ ጉድለት ነው ብሎ ስላመነ፣ የዮጋቻራ ትምህርት ዋና መጽሐፍ የሆነውን ዮጋቻራብሁሚን በሙሉ ከሕንድ ለማምጣት ቆረጠ።

ከበረሃው እስከ ናላንዳ

መንግሥት ከድንበር መውጣትን ከልክሎ ስለነበር በ620ዎቹ መጨረሻ በድብቅ ተነሣ። የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ደቀ መዛሙርቱ እንደሚተርኩት፣ በበረሃ መካከል የውኃ አቁማዳው ተደፍቶበት ለቀናት ሳይጠጣ ተጓዘ። የቱርፋን ንጉሥ መምህር አድርጎ ሊያስቀረው ቢሞክርም እህል አልቀምስም ብሎ ፈቃዱን አገኘ። በናላንዳ ገዳም በዕድሜ የገፋው ሊቅ ሺላብሃድራ ተቀብሎ ያንኑ የፈለገውን መጽሐፍ ከአንድ ዓመት በላይ አስተማረው።

ትርጉሙና የእኔነት ትንታኔው

በ645 ወደ ቻንግአን 657 መጻሕፍት ይዞ ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ ሹመት ቢሰጠውም አልተቀበለም፤ በቀሩት 19 ዓመታት ወደ 75 የሚጠጉ ሥራዎችን ከሳንስክሪት ተረጎመ። 100 ጥቅልል ያለውን ዮጋቻራብሁሚን በ648 ፈጸመ። ለተነሣንበት ጥያቄ ግን ዋነኛው ሥራ በ659 የተጠናቀቀው ቼንግ ዌይሺ ሉን ነው። ይህ ባለ 10 ጥቅልል መጽሐፍ የሕንዱ ሊቅ ቫሱባንዱ የጻፋቸውን ሠላሳ አንቀጾች የሚያብራራ ሲሆን፣ በተለይ የድሃርማፓላን ትርጓሜ ያስቀድማል።

በመጽሐፉ መሠረት ንቃት ስምንት ነው። አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ንቃቶች ናቸው፤ ስድስተኛው ያስባል፣ ይለያል። ስምንተኛው እንደ ጎተራ ነው፤ ያለፈው ድርጊትና ሐሳብ ሁሉ በዘርነት ይከማችበታል፣ ጊዜውን ጠብቆም ይበቅላል። ይህ ጎተራ ቋሚ ነገር አይደለም፤ እንደ ወንዝ ሳይቋረጥ ይፈሳል እንጂ። መደናገሩ የሚነሣው ማናስ ከተባለው ሰባተኛው ንቃት ነው። ማናስ ይህን ፍሰት ያለ ዕረፍት እየተመለከተ የማይለወጥ እኔነት ይመስለዋል። ስለዚህም አራት ሕመሞች አይለዩትም፦ ስለ ራስ አለማወቅ፣ ራስን ቋሚ አድርጎ ማየት፣ በራስ መታበይና ራስን አብዝቶ መውደድ። እንግዲህ እኔነት ከውጭ የመጣ ጠላት አይደለም፤ አእምሮ ራሱን ሲመለከት የሚሠራው ስሕተት ነው። ፈውሱም መሠረቱን መለወጥ፣ ማለትም ንቃትን ወደ ጥበብ መመለስ ነው።

የታማኝነት ዋጋ

ይህ ትንታኔ አስቸጋሪ መደምደሚያ ነበረው። ንጽሕና የሁሉም ሰው የተሰወረ መሠረት ካልሆነ፣ ነጻ መውጣት በጎተራው ባለው ዘር ላይ ይመሠረታል፤ ያ ዘር ፈጽሞ የሌላቸው ፍጡራንም ይኖራሉ ማለት ነው። ፍጡር ሁሉ ቡድሃ የመሆን ባሕርይ አለው የሚለው እምነት በቻይና ሥር ሰድዶ ስለነበር ትምህርቱ ብዙዎችን አስከፋ። አንድ የሲላ (ኮሪያ) መነኩሴ በኋላ በጻፈው ማብራሪያ እንደተረከው፣ ሹዋንዛንግ ከሕንድ ሲመለስ ይህን ክፍል ሊያስቀረው አስቦ ነበር፤ ሺላብሃድራ ግን ገሠጸው። ትረካው እውነትም ይሁን አፈ ታሪክ፣ ችግሩ አስቀድሞ የታወቀ እንደነበር ያመለክታል። ሹዋንዛንግ ትምህርቱን ሳይቀንስ አስተላለፈ።

600 ጥቅልል ያለውን የፕራጅናፓራሚታ ስብስብ በ663 ተርጉሞ ከፈጸመ በኋላ በ664 ዐረፈ። ደቀ መዝሙሩ ኩዌጂ ትምህርት ቤቱን ቢያጸናም ከጥቂት ትውልድ በኋላ በቻይና ተዳከመ፤ በጃፓን ግን ሆሶ በሚል ስም እስከ ዛሬ አለ። በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ያንግ ዌንሁይ የተባለ ቻይናዊ ምሁር በአገሩ ጠፍተው የነበሩትን የኩዌጂ ማብራሪያዎች ከጃፓን አስመጥቶ ዳግም አሳተመ። ቻይናውያን አንባቢዎች ከሺህ ዓመት በላይ በኋላ ወደ ሹዋንዛንግ የተመለሱት በዋናነት ስለ አእምሮ አሠራር የሰጠውን ጥብቅ ትንታኔ ፍለጋ ነበር። አንድ ጊዜ ያስገፋው ጥብቅነት ዳግም ያስፈለገውም ሆነ።