ሄርማን ሽናይደር፤ ትምህርት ቤትንና ፋብሪካን ያገናኙ መሐንዲስ

በሙያችን ታሪክ ስማቸው በድልድይና በግድብ ሳይሆን መሐንዲስ በሚሠለጥንበት መንገድ የሚታወስ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ከነዚህ አንዱ አሜሪካዊው ሄርማን ሽናይደር ናቸው። ተማሪው ከትምህርት ገበታ ተነሥቶ ከሥራ ገበታ እስኪደርስ ያለውን ክፍተት ማን ይሙላው ለሚለው ጥያቄ የእኚህ ሰው ሕይወት መልስ ስላለው፣ ታሪካቸውን ባጭሩ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሽናይደር በ1872 በፔንሲልቫንያ ግዛት ሰሚት ሂል በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ ተወለዱ። በዚያው ግዛት በቤተልሔም ከተማ በሚገኘው የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ በአርክቴክት ቢሮ እየሠሩ ራሳቸውን ይረዱ ነበር። በ1894 በሲቪል ምሕንድስና ተመርቀው ጥቂት ዓመታት በሙያቸው ካገለገሉ በኋላ፣ በ1899 ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው ተመልሰው መምህር ሆኑ።

በማስተማር ላይ ሳሉ አንድ ነገር አሳሰባቸው። ተመራቂው ስሌቱን ቢያውቅም ፋብሪካ ሲገባ ከማሽኑም ከሠራተኛውም ጋር እንግዳ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የራሱን ወርክሾፕ ልሥራ ቢል ዋጋው ከባድ ነው፤ የገዛው ማሽንም ብዙ ሳይቆይ ያረጃል። በሌላ በኩል በሥራቸው የተሳካላቸውን ተመራቂዎች ታሪክ ሲመረምሩ፣ አብዛኞቹ ልክ እንደ እርሳቸው እየሠሩ የተማሩ ሆነው አገኟቸው። ከዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ደግሞ ትልቅ የብረት ፋብሪካ ቀንና ሌሊት ይሠራ ነበር። እንግዲህ ወርክሾፑ አስቀድሞ ተሠርቶ ሳለ፣ የጎደለው ተማሪው በሥርዓት የሚገባበት በር ብቻ መሆኑን ተረዱ።

ሐሳቡ በሊሃይ ተቀባይነት አላገኘም። በ1903 በኦሃዮ ግዛት ወደሚገኘው የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ሲንሲናቲ ቶርኖና የመሳሰሉት የብረት መቁረጫ ማሽኖች የሚመረቱባት ከተማ ስለነበረች ለዕቅዱ የተመቸች ሆነች። ሽናይደር የፋብሪካ ባለቤቶችን እየዞሩ አነጋገሩ። በ1906 የዩኒቨርሲቲው ቦርድ የአንድ ዓመት ሙከራ ፈቀደ፤ ቢከሽፍ ግን ኃላፊነቱን እንደማይወስድ አስታወቀ። ሙከራው በ27 ተማሪዎች በዚያው ዓመት ተጀመረ፤ ሽናይደርም የምሕንድስና ኮሌጁ ዲን ሆኑ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነበር። ሁለት ተማሪዎች ለአንድ የሥራ ቦታ ይመደባሉ። አንደኛው አንድ ሳምንት ፋብሪካ ሲውል ሁለተኛው ክፍል ይማራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጣሉ። በዚህ ዘዴ የሥራው ቦታ ባዶ አይሆንም፤ ስለዚህ አሠሪው ተማሪውን እንደ ጎብኚ ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ቆጥሮ ደመወዝ ይከፍለዋል። ትምህርቱ ስድስት ዓመት ይወስድ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የበለጠው ግን አስተባባሪ የሚባለው መምህር ነው። ይህ ሰው ወደ ፋብሪካው እየሄደ ተማሪው የሚሠራውን ይመለከታል፤ ከፎርማኑ ጋር ይነጋገራል፤ ከዚያም በክፍል ውስጥ ተማሪው በእጁ የነካውን ሥራ ከሚማረው ሳይንስ ጋር ያገናኝለታል። ተማሪው በሁለቱ በሮች መካከል ሲመላለስ ኃላፊ የሆነ ሰው ነበረው ማለት ነው።

ይህ አሠራር የዩኒቨርሲቲን ክብር ያወርዳል ብለው የተቃወሙ ምሁራን ነበሩ። ይሁንና ሙከራው ከተፈቀደለት ዓመት አልፎ ጸና። በ1908 በማሳቹሴትስ ግዛት የፊችበርግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሐሳቡን ወሰደ፤ ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት በሙሉ በትምህርት ቤት ካሳለፈ በኋላ የቀሩትን ሦስት ዓመታት በየሳምንቱ በትምህርት ቤቱና በፋብሪካው መካከል ይፈራረቅ ነበር። በ1909 ዛሬ ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የቦስተን ተቋም፣ በ1921 ደግሞ በኦሃዮ የሚገኘው አንቲዮክ ኮሌጅ ይህንኑ መንገድ ያዙ። ሽናይደርም በ1915 ስለ ኢንዱስትሪ ሠራተኞች ትምህርት መጽሐፍ አሳተሙ።

ዘዴው ድክመት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የተማሪው ቦታ በፋብሪካው ሥራ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀት ሲደርስ ለተማሪ የሚሆን ሥራ ማግኘት ብርቱ ችግር ሆነ። ሽናይደር ከ1929 እስከ 1932 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነው ያገለገሉት በዚሁ አስጨናቂ ጊዜ ነው። ከዚያም ወደ ምሕንድስናው ትምህርት ተመልሰው በ1939 ዐረፉ።

በአገራችንም የምሕንድስና ተማሪ ለልምምድ ወደ ድርጅት ይላካል፤ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም የትብብር ሥልጠና የሚባለው አሠራር የዚህ ሐሳብ የቅርብ ዘመድ ነው። ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ተማሪ ሳለ ለልምምድ በተላከበት ድርጅት ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር። የእርሱ የተባለ ሥራ አልነበረም፤ መጥቶ የጠየቀው መምህርም አልነበረም። በመጨረሻ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ድርጅቱ ክፉ አልነበረም፤ ተማሪውን ተቀበል እንጂ ምን አሠራው ያለው ሰው ስላልነበረ ነው።

ሽናይደር ትተውልን የሄዱት ትምህርት ይህ ይመስለናል። በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት መካከል ደብዳቤ መጻጻፍ ብቻውን መንገድ አይሆንም። መንገድ የሚሆነው ለተማሪው የታወቀ የሥራ ቦታ ሲኖርና ስለ እርሱ የሚጠየቅ ሰው ሲመደብ ነው። ስለዚህ በየሥራ ቦታችን አንድ ተለማማጅ ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ፣ ከመፈረማችን አስቀድሞ እነዚህን ሁለት ነገሮች ብናዘጋጅለት የሙያ ግዴታችንን እንደተወጣን ይቆጠራል።