ካርል ቴርዛጊ

ካርል ፎን ቴርዛጊ (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1883 – ኦክቶበር 25 ቀን 1963) የኦስትሪያ፣ በኋላም የአሜሪካ ዜጋ የሆነ መሐንዲስ ነበር። የአፈር ሜካኒክስ ለሚባለው የምህንድስና ዘርፍ አባት ተብሎ ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወጣትነት ዘመን

ቴርዛጊ የጦር መኮንን ልጅ ሲሆን የተወለደው በፕራግ ከተማ ነው። በግራዝ መካኒካል ምህንድስና ተምሮ በ1904 ተመረቀ። በዚያ ዘመን የሕንጻ መሠረት የሚሠራው በአብዛኛው በልምድ ነበር። ግንበኞች በለስላሳ መሬት ላይ ፓይል የሚባሉ ረጃጅም ምሰሶዎችን ወደ ታች ይቀጠቅጡ ነበር፤ አንዳንዱ ሕንጻ ግን ከዓመታት በኋላ ይሰምጣል ወይም ያዘማል። ምክንያቱን በስሌት ማስረዳት የሚችል አልነበረም። ቴርዛጊ በ1912 ወደ አሜሪካ ሄዶ የግድብ ሥራዎችን ቢጎበኝም፣ የአፈሩን ስም ማወቅ ብቻ የአፈሩን ጠባይ ለመተንበይ እንደማይበቃ ተረዳ።

በኢስታንቡል

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኢስታንቡል የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ እዚያው ከተማ ወደሚገኘው ሮበርት ኮሌጅ ተዛወረ። የምርምር ገንዘብ ስላልነበረው የመጀመሪያ መሣሪያዎቹን ከሲጋር ሳጥንና ከተጣሉ ዕቃዎች ሠራ። በእነዚህም የአሸዋንና የሸክላ አፈርን ጠባይ ለካ። ውጤቱን በ1925 በጀርመንኛ መጽሐፍ አሳተመ።

ዋና ግኝቱ

በውሃ የተሞላ ሸክላ አፈር ላይ ሕንጻ ሲቆም ክብደቱን መጀመሪያ የሚሸከመው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ ነው። ውሃው በጠባብ ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ሲወጣ ክብደቱ ወደ ቅንጣቶቹ ይተላለፋል፤ አፈሩም ይታመቃል፣ ሕንጻውም ይሰምጣል። ስለዚህ የአፈሩ ጥንካሬ የሚወሰነው ከጠቅላላው ጫና የውሃው ግፊት ተቀንሶ በሚቀረው ነው። ውሃው የሚጓዝበት ርቀት እጥፍ ሲሆን ለመታመቅ የሚፈጀው ጊዜ 4 እጥፍ ይሆናል። አንዳንድ ሕንጻዎች ለብዙ ዓመታት መስመጣቸውን የማያቆሙት በዚህ ምክንያት ነው።

የቪየና ክርክር

ቴርዛጊ ከ1925 እስከ 1929 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) ካስተማረ በኋላ በቪየና ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያው ተቋም ያስተምር የነበረው ፓውል ፊሉንገር ንድፈ ሐሳቡን በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ ክፉኛ አጠቃ። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ ለቴርዛጊ ፈረደ። ፊሉንገርና ባለቤቱ በ1937 የገዛ ሕይወታቸውን አጠፉ። ዛሬ ፊሉንገርም ቀዳዳ ስላላቸው ቁሶች በሠራው ጥናት በጎ ስም አለው።

በአሜሪካ

በ1936 በሀርቫርድ በተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የአፈር ሜካኒክስ ጉባኤ ላይ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በ1938 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሀርቫርድ አስተማረ። የቺካጎ የምድር ውስጥ ባቡር በለስላሳ ሸክላ ውስጥ ሲቆፈር አማካሪ ነበር። በቦታው የአፈር ምርመራውን ከሚመራው ከራልፍ ፔክ ጋርም በ1948 የታወቀውን የመማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። ከመጽሐፉ ትምህርቶች አንዱ፣ በአንድ ፓይል ላይ የሚደረግ የጭነት ሙከራ ስለ ብዙ ፓይሎች በቂ መረጃ እንደማይሰጥ ነው። አንዱ ፓይል ጭነቱን በቅርብ ላለው አፈር ብቻ ያካፍላል። በመቶ የሚቆጠሩ ፓይሎች ግን ከሥራቸው በጥልቅ ያለውን ለስላሳ ንብርብር ጭምር ይጫኑታል።

ቴርዛጊ ስሌትን ብቻ አያምንም ነበር። በግንባታ ወቅት የመሬቱ እንቅስቃሴና የውሃው ግፊት እየተለካ ንድፉ እንዲስተካከል ያደርግ ነበር።

የአስዋን ግድብ

ከኢትዮጵያ የሚነሳው ዓባይ በሚደርስበት በግብፅ፣ ለአስዋን ከፍተኛ ግድብ የአማካሪዎች ቦርድ ሊቀ መንበር ነበር። በግድቡ ሥር ያለው ደለል ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ከሶቪየት መሐንዲሶች ጋር በሥራው አካሄድ ባለመስማማቱ በ1959 ቦርዱን ለቀቀ።

ሞትና መታሰቢያ

ቴርዛጊ በ80 ዓመቱ በማሳቹሴትስ ግዛት በዊንቸስተር አረፈ። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበርን የኖርማን ሜዳሊያ 4 ጊዜ ተሸልሟል። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በአስቸጋሪ መሬት ላይ እንዲቆም የረዳው የሚሽን ግድብ በ1965 በስሙ ተሰይሟል።