ንግሥት ዘውዲቱና ሕመማቸው

በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ የሚያልፍ ተማሪ ወይም ወደ ቢሮው የሚቸኩል ወጣት ሹም ስለዚያ ቤተ ክርስቲያን ቢጠየቅ በመጀመሪያ ዐድዋን ይጠራል፤ ቀጥሎም በ1923 ዓ.ም. የተፈጸመውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ መጫን ያነሣል። ከዚያ ወደ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ወይዘሮ ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት ተብለው ዘውድ መጫናቸውን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎችም ቢሆኑ ብዙ አልለገሷቸውም። በአባታቸውና በራስ ተፈሪ መካከል እንደ ድልድይ ቆጥረዋቸው ያልፋሉ። ሕመማቸውን በተመለከተማ ከሁለት መስመር የሚበልጥ አይገኝም፤ እሱም የተጻፈው የሞታቸውን ቀን ለማስረዳት ብቻ ነው። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን ይህንኑ ሕመም ነው። አንዲት ሴት የማይለቅ ደዌ ሲይዛት ኑሮዋን በምን አኳኋን እንደምትመራው ለማየት ከእኚህ ንግሥት ሕይወት የተሻለ መስኮት በአገራችን ታሪክ በቀላሉ አይገኝም።

ዘውዲቱ የተወለዱት በ1868 ዓ.ም. ነው። ገና በስድስት ዓመታቸው ገደማ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ጋብቻው የሁለት ነገሥታት ስምምነት ማኅተም ነበርና ሕፃኒቱን ፈቃዷን የጠየቃት አልነበረም። ባላቸው በ1880 ዓ.ም. ሞቱባቸው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ጋብቻዎች ተከተሉ፤ የመጨረሻው የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ከሆኑት ከራስ ጉግሣ ወሌ ጋር የተፈጸመው ነው። የወለዷቸው ልጆች አላደጉላቸውም። በልጅ ኢያሱ ዘመን ከቤተ መንግሥት ርቀው በፋሌ እንዲቀመጡ ተደረገ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሽረው ዘውዱን ሲሰጧቸውም ከባለቤታቸው መለየት ግድ ሆነባቸው። ራስ ጉግሣ ወደ በጌምድር ተላኩ። የመንግሥቱ ሥራ ደግሞ በአልጋ ወራሹና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴው በራስ ተፈሪ እጅ ገባ።

እንግዲህ ንግሥቲቱ በዙፋን ላይ ተቀምጠው ብቻቸውን ነበሩ። የቀራቸው ጸሎት፣ ጾምና ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ነበር። ለአባታቸው መታሰቢያ የሆነውን የበዓታ ለማርያምን ሕንፃ ያሠሩት በዚህ ዘመን ነው። የስኳር በሽታም በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመጣባቸው በዚሁ ብቸኝነት መካከል ነው።

የስኳር በሽታ ሰውነት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ሲያጣ፣ ወይም ሆርሞኑ አልሠራ ሲለው የሚመጣ ደዌ ነው። ጥማት ያበዛል፤ ሽንት ያመላልሳል፤ ጉልበት ይነሣል፤ ቁስል ቶሎ እንዳይሽር ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ ቸኩሎ አይገድልም፤ ከሰውየው ጋር ይኖራል። ኢንሱሊን በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ተገኝቶ ለሕክምና የበቃው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1921 እና በ1922 ነው፤ ይህም ዘውዲቱ በነገሡ በአምስተኛው ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት የባሕር ማዶ ሐኪሞች ለበሽተኛው ያዙለት የነበረው ዋና መድኃኒት ረሀብ ነበር። ምግቡን እየቀነሱ ዕድሜውን በጥቂቱ ያራዝሙለት ነበር።

ይህን የሰማ ሰው የእነዚያ ሐኪሞች ረሀብና የእኛ ጾም አንድ ነው ሊል ይችላል። አንድ አይደለም። ሐኪሞቹ ከሁሉ በፊት የሚከለክሉት እንጀራንና ዳቦን የመሰለውን ነው። በእኛ ጾም ግን የሚቀረው ሥጋው፣ ወተቱና እንቁላሉ ሲሆን፣ ጾመኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ የሚቀርብለት እንጀራና ሽሮ ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ይህ ከባድ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ሕመምተኛውን ከጾም ግዴታ ትለቀዋለች። ንግሥቲቱ ግን ጾማቸውን አጥብቀው ይዘው እንደ ነበር ይነገራል።

ለምን? ወጣት ምሁሮቻችን መልሱን ባላዋቂነት ወይም በኋላ ቀርነት ይዘጉታል። ይህ ጸሐፊ አይስማማም። ንግሥቲቱ ገንዘብም ሐኪምም አላጡም፤ በከተማው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበረ፤ ራስ ተፈሪ ያቋቋሙት ቤተ ሳይዳም ነበረ። ነገር ግን ባላቸውን የመረጡላቸው ሌሎች፣ ከባላቸው የለዩአቸውም ሌሎች፣ በስማቸው የሚያስተዳድሩትም ሌሎች ነበሩ። ጾሙ ግን የራሳቸው ነበር። የታመመ ሰውነታቸውን በሚመለከት ማንም ሳያዛቸው የሚወስኑት እሱን ብቻ ነበር ለማለት ያስደፍራል።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከጊዮርጊስ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የወረደ ሰው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ያገኛል፤ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ይህ ቤት ብቻ ነበር። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታየው ካንሰር የሚበዛው የጡት ካንሰር ነው። እብጠቱ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ስለማያም ሴትዮዋ ዝም ትላለች። ከዚያም ሽቅብ ወደ እንጦጦ ጠበል የምትወጣ አለች፤ ቢላዋ ከነካው ይሠራጫል ብላ የምትፈራ አለች፤ ጡቴን ካጣሁ ትዳሬንም አጣለሁ ብላ የምትሰጋ አለች። ብዙዎቹ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢታይ መዳን የሚችል ሕመም በመዘግየት ብቻ ይገድላል፤ ይህን ማለባበስ አይገባም። ሆኖም እዚያ ወረፋ ይዛ የተቀመጠችውን ሴት ለምን ዘገየሽ ብሎ መቆጣት ምንም አያስገኝም። ጠበሉ ዘንድ የሄደችው ሐኪሙ ያልመለሰላትን ጥያቄ ይዛ ነው፤ ይህ ለምን በእኔ ላይ መጣ የሚለውን። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው ይህን የተረዳ ምክር ነበር።

ለንግሥት ዘውዲቱ እንዲህ ያለ ምክር ደርሶ ቢሆን ምን ባደረጉ ነበር? የ1922ቱ ዐቢይ ጾም በየካቲት ገባ። በዚያው ወራት ራስ ጉግሣ በሰሜን ሸፍተው ጦር ተላከባቸው። በንግሥቲቱም ላይ በስኳሩ ላይ ትኩሳት ተጨመረባቸው። ትኩሳት የስኳር ሕመምተኛን ውኃ ያደርቃል፤ ደሙ ውስጥ ያለውንም ስኳር ያንረዋል። መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ጦርነት አውሮፕላን ከሰማይ ቦምብ ጣለ፤ ራስ ጉግሣም ወደቁ። መጋቢት 24 ቀን ንግሥቲቱ ዐረፉ።

ሁለቱ ቀናት እጅግ ስለተቀራረቡ ወሬው ብዙ ነው። የባላቸው ሞት ተነግሯቸው በድንጋጤ ሞቱ የሚል አለ፤ ወሬው ከቶ አልደረሳቸውም የሚል አለ። በቀዝቃዛ ጠበል መነከራቸውን የሚያነሣም አለ፤ መርዝን የሚጠረጥርም አልጠፋም። እንደዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ በጾም የደከመ፣ ስኳርና ትኩሳት የተባበሩበት ሰውነት ለመሞት መርዝ አያሻውም። ቢሆንም የቤተ መንግሥት ሞት ሲሆን ተራውን ደዌ የሚያምን ጥቂት ነው።

አስከሬናቸው ያረፈው በበዓታ፣ ራሳቸው ባሠሩት ሕንፃ ሥር፣ ከአባታቸው ከዳግማዊ ምኒልክ አጠገብ ነው። ከሰባት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ አራዳ እንደ ገና በእንግዳና በሰንደቅ ዓላማ ተሞላ። በዋዜማው የምኒልክ ሐውልት በጊዮርጊስ ፊት ለፊት ተመርቆ ነበር። በኋላም ከተማው በስማቸው የጠራላቸው ሥራ ሐኪም ቤት ሆነ፤ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል።