ፈርዲናንድ ደ ሶሱር

ፈርዲናንድ ደ ሶሱር (እ.ኤ.አ. 1857–1913) የስዊስ የሥነ ልሳን ሊቅ ሲሆን የዘመናዊ ሥነ ልሳን አባት ይባላል። በጄኔቫ ተወለደ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ፊዚክስና ኬሚስትሪ ከተማረ በኋላ፣ በ1876 ቋንቋዎችን ለማጥናት ወደ ጀርመን ላይፕጺግ ዩኒቨርሲቲ ሄደ።

ገና የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ ስለ ጥንታዊው ሕንዳዊ-አውሮፓዊ ቋንቋ አናባቢዎች መጽሐፍ አሳተመ። በዚህም፣ በዘመኑ በታወቁት ቋንቋዎች ውስጥ የጠፉ ድምፆች ቀድሞ እንደነበሩ በማነጻጸር ብቻ ገመተ። ብዙዎች አልተቀበሉትም። ከሞተ 14 ዓመት በኋላ፣ በ1927፣ የፖላንዱ ሊቅ የዢ ኩሪሎቪች ከነዚህ ድምፆች በኬጢያውያን ቋንቋ ጽሑፎች ውስጥ ተጠብቆ የቀረ እንዳለ አሳየ።

ሶሱር ከ1881 ጀምሮ በፓሪስ፣ ከ1891 ጀምሮ በጄኔቫ አስተማረ። ከ1907 እስከ 1911 ስለ አጠቃላይ ሥነ ልሳን ሦስት ጊዜ ትምህርት ቢሰጥም፣ በጉዳዩ መጽሐፍ ሳያሳትም ሞተ። ባልደረቦቹ ሻርል ባዪና አልቤር ሰሼ ትምህርቱን አልተከታተሉም ነበር፤ ከተማሪዎቹ ደብተሮች አሰባስበው በ1916 «የአጠቃላይ ሥነ ልሳን ትምህርት» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፉ መሠረት የቃል ድምፅና ትርጉም የተሳሰሩት በልማድ እንጂ በባሕርይ አይደለም፤ ለምሳሌ በአማርኛ «ውሻ» የሚባለው እንስሳ በፈረንሳይኛ «ሽየን» ይባላል። የሶሱር የራሱ ማስታወሻዎች በ1996 በጄኔቫ በቤተሰቡ ቤት ስለ ተገኙ፣ መጽሐፉ ሐሳቡን ምን ያህል በትክክል እንደሚገልጽ እስካሁን ያከራክራል።