ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና አገው ምድር

ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስንናገር አድዋን እንጂ አገው ምድርን አናነሣም። አዳል ተሰማ በጦር አዝማችነታቸው ለራስነት በቁ፤ በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አደረጓቸው። ከፋን ግን ንጉሥ ምኒልክም ይፈልጉት ነበርና በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። ዐፄ ዮሐንስም ሁለቱን ሲቀጡ ከምኒልክ ወሎን፥ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። የእንጅባራና የዳንግላ ገበሬ ባልዋለበት ጠብ ጌታው ተለወጠበት። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ሳር ውሃ ላይ ንጉሡን ድል ነሥቶ ጎንደርን አቃጠለ። በ1888 ዓ.ም. ግን ንጉሡ ቂም ሳይዙ ከማራኪያቸው ከምኒልክ ጋር አድዋ ዘመቱ፤ በ1893 ዓ.ም. ዐረፉ። እኛ ተማሪዎች ስለ አድዋ ስናመሰግናቸው፥ የእምባቦን ዕዳ የከፈለውን ገበሬም አንርሳ።